ጊላን ባሬ፦ እጅና እግር ከዳ፣ ጭንቅላት ግን ለምን ይታወካል?

ምን አለሽ ተራ ቀኑን ሙሉ በርሜል ሲቀጠቅጥ የሚውል ልጅ አለ እንበል። ተቅማጥ ይዞት ለቀቀው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ ደነዘዘ፣ በማግስቱ መቆም ከበደው፣ ቀጥሎ መዶሻ ማንሳት አቃተው። ሰፈሩ «መጋኛ ነው» ይላል። ጊላን ባሬ ሲንድረም ሊሆን ይችላል።

ምንድነው?
የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቮች ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ስሙ በ1916 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው ከጻፉ የፈረንሳይ ሐኪሞች የመጣ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 1 ወይም 2 ሰው ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ይነሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አንጎልስ?
የሚጠቃው ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ታማሚው መንቀሳቀስ ቢያቅተውም አእምሮው ንቁ ነው፤ የምታወሩትን ይሰማል። መዘባረቅ፣ ከልክ በላይ መተኛት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ማንቀጥቀጥ ከመጣ ግን ሌላ ችግር ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ፦

– የደም ግፊት፦ ግፊትን የሚቆጣጠሩት ነርቮችም ስለሚጎዱ ግፊቱ ይዋዥቃል። ድንገት ሲያሻቅብ የአንጎል የኋላ ክፍል ያብጣል። ሐኪሞች «ፕሬስ» ይሉታል። ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።
– በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) መቀነስ።
– የመተንፈሻ ጡንቻ ደክሞ ኦክስጅን ማነስ።
– አልፎ አልፎ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊን ራሱ ከባድ ራስ ምታት ያመጣል።

ቢከርስታፍ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ራሱን የአንጎል ግንድ ያጠቃል፤ ዓይን አልንቀሳቀስ ይላል፣ ሰውየው ይንገዳገዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

አስታማሚ ከሆናችሁ
ድክመቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደው አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ። ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ለነርሷ ወዲያው ንገሩ፤ «ግፊቱ ይለካ፣ ሶዲየሙ ይታይ» ማለት መብታችሁ ነው።

ታማሚው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ለፖሊዮ ቁጥጥር ሲባል ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ አትደንግጡ።

ማገገም ወራት ይፈጃል፤ ግን አብዛኛው ሰው ተመልሶ ይራመዳል። ሕመምተኛ ለሚያስታምም ሰው ሼር አድርጉት።