ከቆዳ ቀለበት እስከ ጎማ ከንፈር፦ የዲፈረንሻል ዘይት ማገጃ ታሪክ

ዲፈረንሻል ማለት መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር የሚያስችል፣ ዘይት በተሞላ የብረት ሳጥን ውስጥ የሚሠራ የጥርሶች ስብስብ ሲሆን፣ ዘይቱ በሚሽከረከረው ዘንግ ዙሪያ እንዳያመልጥ የማገዱ ጉዳይ ከጥርሶቹ አሠራር ባልተናነሰ መሐንዲሶችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህን ሥራ ያከናውኑ የነበሩት የተዳመጠ ሱፍና ቆዳ ስለነበሩ፣ ጥቂት ጠብታ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካው ፓካርድ ሃይፖይድ የተሰኘውን፣ ማለትም ገፊው ጥርስ ከትልቁ ጥርስ መሐል ዝቅ ብሎ የሚገጠምበትን አሠራር ሲያስተዋውቅ የመኪናው ወለል ዝቅ ማለት ቻለ፤ ነገር ግን ጥርሶቹ እርስ በርስ በብርቱ ስለሚንሸራተቱ እንደ ድኝ ያለ ማጠናከሪያ የተጨመረበት ዘይት አስፈለገ። መካኒኩ በጎማው በኩል የወጣውን ፈሳሽ ከፍሬን ዘይት የሚለየው ዛሬም ድኙ በሚሰጠው ደስ የማይል ሽታ ነው። በጀርመን ቫይንሃይም የነበረው የፍሮይደንበርግ ቆዳ ፋብሪካ በበኩሉ በመሐንዲሱ በቫልተር ዚመር ስም የተጠራውን የቆዳ ማገጃ ቀለበት አቀረበ፤ በ1930ዎቹም ቆዳው በሰው ሠራሽ ጎማ መተካት ጀመረ።

ለረጅም ጊዜ በቆመ ጥንታዊ መኪና ላይ ቆዳው ደርቆ መሰንጠቁ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ቀለበቱን ከመወንጀል በፊት መታየት ያለበት የሳጥኑ መተንፈሻ ነው፤ ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ በሙቀት የሰፋው አየር ዘይቱን በደህናው ቀለበት ጭምር ገፍቶ ያስወጣዋልና። ዘንጉ ላይ ቦይ ከተበላ ደግሞ አዲሱም ቀለበት ያፈሳል።