ኢንተርኔት በማይደርስበት ስፍራ የሚያገለግል አነስተኛ ኮምፒውተር እንዴት ይመረጣል?

የተከዜ ወንዝ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት በምሥራቅ ሱዳኑ ወድ ኤል ሒለው አካባቢ፣ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሐምዳዬት በኩል ድንበር ተሻግረዋል። ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች ተወስደዋል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ችግሩ ተደራርቧል። በጥር 2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር።

እንዲህ ባለ ስፍራ የመታወቂያ ካርድ የምታህል ኮምፒውተር እንደ ቤተ መጻሕፍት ልታገለግል ትችላለች። መጻሕፍትና ትምህርቶች በማስታወሻ ካርዷ ላይ ይጫናሉ፤ በአቅራቢያዋ ያሉ ስልኮችም እርሷ በምታሰራጨው ዋይፋይ አማካኝነት ያነባሉ። ለምሳሌ ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛውን ጨምሮ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል።

መጀመሪያ ስርዓተ ክወናው

ብዙ ተጠቃሚ የሌላቸው ስርዓተ ክወናዎች (ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች) አንዳንዴ የሚመረጡት ቀላልና አቅም ቆጣቢ በመሆናቸው ነው። ሆኖም አነስተኛ ኮምፒውተሮች እንደ መደበኛ ኮምፒውተር አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሞዴል ለእርሱ የተዘጋጀ ማስነሻና የመሣሪያ ማዛመጃ ሶፍትዌር ይፈልጋል።

በእንግሊዟ ካምብሪጅ እአአ በ1987 የተወለደው ሪስክ ኦኤስ ለዚህ ማሳያ ነው። ራስበሪ ፓይ ላይ ለዓመታት ቢሠራም፣ የዋይፋይ ድጋፍ ያካተተው ይፋዊ እትም የወጣው በ2024 ነበር። ስለዚህ በቅድሚያ መታየት ያለበት የኮምፒውተሩ ፍጥነት ሳይሆን የስርዓተ ክወናው አዘጋጆች ይሠራባቸዋል ያሏቸው ሞዴሎች ዝርዝር ነው። በሚገባ የተፈተነ አሮጌ ሞዴል፣ ካልተፈተነ አዲስ ሞዴል ይሻላል።

ኃይል፣ ሙቀትና ሰዓት

ለራስበሪ ፓይ 5 የሚመከረው ኃይል አቅራቢ 5 ቮልትና 5 አምፔር ነው። ለፓይ 4 ግን 3 አምፔር፣ ለዜሮ 2 ደብልዩ ደግሞ 2.5 አምፔር ይበቃል። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ማዕከል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ዜሮ 2 ደብልዩ ግን ያላት ማህደረ ትውስታ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው።

በገዳሪፍ አካባቢ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓይ 4 የውስጥ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ሙቀት የሚያስወጣና አቧራ የማያስገባ የብረት ሽፋን ያስፈልገዋል።

ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ሞዴሎች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። ኢንተርኔት ከሌለና መብራት ከተቋረጠ ቀኑን ይስታሉ፤ የተማሪዎች መዝገብም ይዛባል። አነስተኛ የሰዓት መሣሪያ ከባትሪ ጋር መግጠም ይህን ይፈታል። ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ የማስታወሻ ካርድንም ስለሚያበላሽ፣ ተመሳሳይ ቅጂ የያዘ ትርፍ ካርድ ሊኖር ይገባል።

ኮምፒውተሩ ከመላኩ በፊት ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ በቦታው በሚያገለግለው ባትሪ ለቀናት መፈተን አለበት። ጠጋኝ በሌለበት መጠለያ፣ ሳይታይ ያለፈች ትንሽ ጉድለት ተማሪዎቹን ያለ መጽሐፍ ታስቀራለች።