ከአሮጌ ሬዲዮ ጀርባ ያለው ቁጥር ምን ይናገራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምናለሽ ተራ አካባቢ አንድ አሮጌ የፊሊፕስ ሬዲዮ ገዛሁ። ሻጩ "ይህ እኮ የጦርነቱ ዘመን ነው፤ አይገኝም" ብሎ ምሎ ተገዝቶልኛል። እኔም ዋጋውን ከፍዬ ቤት ከገባሁ በኋላ የጀርባ ክዳኑን ሳይ "ቢ7ኤክስ63ኤ" ይላል። ሕግ የተማረ ሰው ሰነድ ሳያይ ምስክር ሰምቶ መግዛቱ አያስቅም ትላላችሁ?

ሰነዱ የሚነበበው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ "ቢ" የጠረጴዛ ሬዲዮ መሆኑን ትገልጻለች፤ በእጅ የሚያዘው "ኤል" ይባላል። 7 የዋጋ ደረጃው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሬዲዮው ውድ ነበር። "ኤክስ" የሆላንድ፣ "ዲ" የጀርመን፣ "ኤፍ" የፈረንሳይ ሥሪት ናቸው። ቀጥሎ ያለው 6 ዓመቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. 1956 ማለት ነው። 3 ደግሞ ተራ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሬዲዮዬ ጦርነቱ ካበቃ ከ11 ዓመት በኋላ የተወለደ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው አሥርት ዓመቱን መለየት ላይ ነው። በቀድሞው አጻጻፍ ሁለቱ ፊደላት ተያይዘው ይመጣሉ። "ቢኤክስ594ኤ" የእ.ኤ.አ. 1949 ነው። የዋጋው አኃዝ በፊደላቱ መካከል ከገባ ግን 9 ማለት 1959 ነው። አንዳንዴ ከእዝባር በኋላ ተጨማሪ ቁጥር ይኖራል፤ ይህ የዚያው ሞዴል ልዩ ልዩ ዓይነት መለያ ስለሆነ መለዋወጫ ስትፈልጉ አብራችሁ ጥቀሱት።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን በመጨረሻዋ ፊደል ነው። "ቲ" ትራንዚስተር፣ "ኤ" በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ "ዩ" በተለዋዋጭም በቀጥተኛም የሚሠራ ማለት ነው። "ዩ" ከመስመሩ የሚለየው ትራንስፎርመር ስለሌለው የብረት ሻንሲው በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ ጋር ይገናኛል። ክዳኑ የወለቀ ወይም ማዞሪያው የተነቀለ እንደሆነ በ220 ቮልት መስመራችን ሰው ይገድላል። "ኤ" መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ጀርባው ላይ ያለው የቮልት መምረጫ 110 ወይም 127 ላይ ከሆነ ሬዲዮውን ያቃጥላል።

ክዳን ደግሞ ከሌላ ሬዲዮ ተወስዶ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ማስረጃ ፈልጉ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ቫልቮቹን አንብቡ። ስማቸው በ"ኢ" የሚጀምር ከሆነ (ለምሳሌ ኢኤል84) ከ"ኤ" ሞዴል ጋር ይስማማል። በ"ዩ" የሚጀምር ከሆነ (ዩኤል84) ክዳኑ ምንም ይበል ምን "ዩ" ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ብዙዎቻችን ቤት አባቶቻችን ዜና የሰሙበት ሬዲዮ ቡፌ ላይ ተቀምጧል። "እስኪ ይሠራ እንደሆነ" ብላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት አዙራችሁ የመጨረሻዋን ፊደል አንብቡ። እኔ ባለማንበቤ የከሰርኩት ገንዘብ ብቻ ነው።