ምድሪቱ ስንት ትሸከማለች? የአዲስ አበባ መስፋፋትና የመልክዓ ምድሯ ታሪክ

ከተማ የሚለው ቃል ዛሬ ቤቶች፣ ጎዳናዎችና ገበያዎች የተሰባሰቡበትን ቋሚ ስፍራ ቢያመለክትም፣ ቃሉ የወጣበት «ከተመ» የሚለው ግስ ንጉሥ ወይም መኰንን ከነሠራዊቱ በአንድ ቦታ መስፈሩንና ድንኳኑን መትከሉን የሚገልጽ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት በሺህ በሚቆጠሩ ድንኳኖች የተዋቀረ፣ እያንዳንዱ ሹም የታወቀ የቀኝ ወይም የግራ ቦታ ያለው፣ ነገር ግን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚጓዝ ሰፈር ነበር። ያን ያህል ሕዝብና ከብት በአንድ አካባቢ ጥቂት ወራት ከቆየ ማገዶው ይመናመናል፣ ግጦሹ ይራቆታል፣ ገበሬው የሚያቀርበው እህልም ይነጥፋል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ይነሣል። ምድሪቱ መሸከም የምትችለውን ልክ ለማወቅ የተጻፈ ሥርዐት ባይኖርም ልኩ ሲያልፍ መሄድ የሚባል መፍትሔ ነበረ፤ ይህም መፍትሔ ጨካኝነቱ ለተተወው አገር ገበሬ ቢሆንም፣ ለምድሪቱ ግን የማገገሚያ ጊዜ የሚሰጥ ነበር።

በዘመናዊው የፕላን ሙያ ተመሳሳዩ ጥያቄ የሚጠየቀው ከመስፈር በፊት ነው። የመልክዓ ምድር ስሱነት ግምገማ የሚባለው ጥናት አንድ ከተማ ሊስፋፋባቸው የሚችሉትን አቅጣጫዎች በየክፍሉ ለይቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል የታሰበውን ዐይነት ግንባታ ቢቀበል ጠባዩ ምን ያህል እንደሚለወጥና የሚጠፋውም ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይመዝናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ተጋላጭነት፣ ማለትም መሬቱ በቀላሉ የመጎዳት ባሕርዩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለውሃ፣ ለእርሻ፣ ለእምነት፣ ለትዝታ ወይም ለውበት ሲባል ለቦታው የሚሰጠው ዋጋ ነው። ስሱነት የሚባለው የሁለቱ ድምር ስለሆነ፣ አንድ ሜዳ ለባለ አንድ ፎቅ ቤት ቻይ፣ ለከባድ ፋብሪካ ግን ስሱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አስተሳሰብ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያለው በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ኢያን ማክሃርግ ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የተዳፋትን፣ የአፈርን፣ የውሃንና የደንን ካርታዎች ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ እየሣሉ በመደራረብ ለግንባታ የሚመቸውንና የማይመቸውን መሬት መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። አዲስ አበባ በዚያ ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏት ነበር፤ ካርታ ተደራርቦ ባይነበብላትም፣ የቆመችበት መሬት ግን በተለያዩ ዐይኖች ሲነበብ ኖሯል።

ከሁሉ በፊት ያነበቡት ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ የሚዘረጋው ሜዳ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ምድር የነበረ ሲሆን፣ ፊንፊኔ የሚለው የአካባቢው ስም ራሱ ከምድር ፈልቆ የሚወጣውን ውሃ ያስታውሳል። ለእነርሱ ፍል ውሃውና ሆራው፣ ማለትም ከብት የሚጠጣው ማዕድናማ ምንጭ፣ በዙሪያውም ያለው ጨፌ የከብት ሀብታቸው ማዕከልና የተከበረ ቦታ እንጂ ለቤት መሥሪያ የሚታሰብ ባዶ መሬት አልነበረም። የከተማዋ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከ1879 ዓ.ም. ብቻ መጀመሩ ይህን ቀዳሚ ንባብ፣ ከርሱም ጋር የተፈናቀሉትን ነዋሪዎች፣ ከዕይታ ያወጣል።

ምኒልክ ከአንኮበር ወደ ምዕራብ ከተሻገሩ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ የከተሙት በወታደራዊ ዐይን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ጋራ ዙሪያውን ለመቃኘትና ለመከላከል ይመቻል፤ በአንጻሩ ብርዱ ይጸናል፣ ንፋሱ ይበረታል፣ ስንቅና እንጨት ወደ ላይ ማጓጓዝም አድካሚ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ አስፈቅደው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የታወቀ ነው። ምኒልክ ግን ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በመሆኑ፣ መንግሥቱ ከተራራው ወደ ሜዳው የወረደው በአንድ ቀን ትእዛዝ ሳይሆን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ነበረ መገንዘብ ይቻላል። ፍል ውሃው የሚወጣው በስምጥ ሸለቆው ዳር ካሉት የምድር ስንጥቆች በአንዱ ላይ ነው፤ ከተማዪቱን ወደዚያ የሳበው ምንጭና ዛሬ የሕንፃ መሐንዲስን የሚያሳስበው የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ከአንድ ሥር የሚመነጩ መሆናቸው ትንሽ የሚያስገርም ነው።

ወደ ሜዳው ከወረዱ በኋላ የድንኳኑ ሥርዐት አልተለወጠም። ግቢው በጉብታ ላይ ተቀመጠ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በየጉብታቸው ላይ ከነአሽከሮቻቸው፣ ከነወታደሮቻቸውና ከነባለሙያዎቻቸው ሰፈሩ። የራስ መኰንን፣ የራስ ብሩ፣ የደጃች ውቤና የሌሎችም ስም የቀረው በእነዚህ ሰፈሮች ነው። በሰፈሮቹ መካከል ያሉት ገደላገደሎች፣ ማለትም ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ሌሎችም ወንዞች የቆረጧቸው ሸለቆዎች፣ ለግጦሽ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለጓሮ አትክልት ተትተው ባዶ ቀሩ። የውጭ አገር ጐብኚዎች ይህን ሲያዩ የተበታተነ መንደር እንጂ ከተማ አይደለም ሲሉ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ማክሃርግ ቢያየው ኖሮ ብዙ የሚነቅፈው አያገኝም ነበር፤ የሚያሰጋው ተዳፋትና የወንዝ ዳር ክፍት ሆኖ፣ ቤቱ ውሃ በማይተኛበት ከፍታ ላይ ነበርና። ሰፋሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለተፈጥሮ ተቆርቋሪነት ሳይሆን ለክብርና ለጥበቃ ሲሉ ቢሆንም፣ ውጤቱ ከብዙ ኋለኛ ፕላኖች የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

የከፋው የማገዶ ነገር ነበር። ጥዱና ወይራው ለግንባታና ለምድጃ ተቆርጦ አሥር ዓመት ሳይሞላ የአካባቢው ኮረብታዎች ተራቆቱ፣ እንጨትም ከሩቅ በአህያና በሰው ጀርባ ይመጣ ጀመር። በዚህ ጊዜ ምኒልክ የጥንቱን መፍትሔ መረጡ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅና ደን ባልጠፋበት ስፍራ አዲስ ዓለም የተባለ ዋና ከተማ ለመመሥረት ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገሩ እንደ ታሰበው ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ እንደ እንጦጦና እንደ አንኮበር የቀድሞ ከተማ ሆና በቀረች ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ሁኔታ ተለውጦ ነበር፤ መኳንንቱ የድንጋይ ቤት ሠርተዋል፣ የውጭ መንግሥታት ለለጋሲዮኖቻቸው ቦታ ተሰጥቷቸው ሕንፃ ጀምረዋል፣ ነጋዴውም በአራዳ ገበያ ዙሪያ ሥር ሰዷል። ድንኳን ይነቀላል፣ የድንጋይ ቤት ግን አይነቀልም። የአዲስ ዓለሙ ሥራ በመጨረሻ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ።

ለመቆየት ያስቻለው ደግሞ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን ማን እንዳመጣው የተለያየ ነገር ቢነገርም፣ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ በዚህ ረገድ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶና ለማገር ይደርሳል፣ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም፤ ለተራበች ከተማ ከዚህ የበለጠ ዛፍ ሊገኝ አይችልም ነበር። ወዲያው ግን ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል የሚል አቤቱታ ተነሣበትና እ.ኤ.አ. በ1913 ከተተከለው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታወጀ። ትእዛዙ ብዙም አልተፈጸመም፤ ነዋሪው የውሃውን ጉዳት ነገ ሊያየው ይችል ይሆናል፣ ጥቅሙን ግን በየዕለቱ ምድጃው ላይ ያየው ነበር። ያም ሆኖ አዋጁ በከተማዪቱ ታሪክ ውስጥ የመሬት አጠቃቀም በውሃ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መንግሥት በይፋ የመዘነበት ቀደምት ምሳሌ በመሆኑ ከሚታወቀው በላይ ሊታወቅ ይገባዋል። በአጭሩ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳነ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምድሪቱ ስትደክም ተነሥቶ የመሄድ አማራጭ ቀረ፣ በቦታው ደግሞ ምድሪቱን አስቀድሞ የመመርመር ልማድ አልተተካም።

የ1900 ዓ.ም. የርስት ደንብ ቦታን በወረቀት የሚረጋገጥና የሚሸጥ ንብረት ሲያደርገው፣ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ደግሞ የከተማዪቱን ክብደት ወደ ደቡብ፣ ወደ ለገሃር ጎተተው። ከእንጦጦ ሥር እስከ አቃቂ ከፍታው በብዙ መቶ ሜትሮች ስለሚቀንስ፣ ወደ ደቡብ መስፋፋት ማለት ከላይ የሚወርደው ጎርፍና ቆሻሻ ወደሚሰበሰብበት መስፋፋት ማለት ነበር።

ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ መሬቱን ያነበቡት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስዊስ ፈረንሳዊው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ በዚያ ጊዜ የነደፈው ረቂቅ ነባሩንም ሰፈር፣ ሸለቆውንም ከቁጥር ሳያስገባ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ይሥላል። ጉዪዲና ቫሌ የተባሉት የፋሽስቱ መንግሥት አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ለመሬቱ የተሻለ ትኩረት ቢሰጥም ዓላማው ሌላ ነበር፤ አረንጓዴው ቀጠና የተፈለገው ውሃን ለመጠበቅ ሳይሆን «የነጭ» የተባለውን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለመለየት ነበር። የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የተወሰደውና ዛሬ መርካቶ የሚባለው ከዚሁ የዘር መለያየት አሳብ የተነሣ ነው። መልክዓ ምድርን ማክበር በራሱ ፍትሕ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከነጻነት በኋላ ለለንደን በሠራው ፕላን የታወቀው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጠርቶ ከተማዪቱን በቀለበትና በጨረር መንገዶች፣ በሰፈር አሐዶችና በዙሪያዋ በሚኖር አረንጓዴ መቀነት ሊያዋቅራት አሰበ። በ1957 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ዋና ዘንግ አደረገው። በ1978 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የኢትዮ-ጣሊያን ማስተር ፕላን በበኩሉ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ በይፋ ሳይጸድቅ ቆየ። በነዚህ ሁሉ ፕላኖች ላይ የወንዝ ዳርና የተራራ ግርጌ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ይገኛል፤ አረንጓዴው ቀለም ግን ባለቤት፣ በጀትና ጠባቂ ስላልነበረው ድኻው ኪራይ የማይጠየቅበትን ገደል አፋፍ ቤት ሠራበት፣ ፋብሪካው ፍሳሹን ለቀቀበት። የአቃቂን ውሃ ይዞ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱን ያሽከረክር የነበረው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለልና በእንቦጭ መያዙ የላይኛው ተፋሰስ ታሪክ በታች የተጻፈ ግልባጩ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.4 ሚሊዮን ገደማ በ1999 ዓ.ም. ወደ 2.7 ሚሊዮን ሲደርስ፣ የመስፋፋቱ ዋና መሣሪያ ኮንዶሚኒየም ሆነ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የተባሉት መንደሮች የተነሡት በአብዛኛው በእርሻ መሬት ላይ ነው። በደቡብና በምሥራቅ በኩል በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለጤፍና ለስንዴ ተስማሚ፣ ለሕንፃ መሠረት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ ለከተማዪቱ የሚጠጣ ውሃ የሚሳብበት የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በስሱነት ግምገማ ቢመዘን ይህ መሬት በሁለቱም ሚዛን ከባድ ነው፤ ምርታማነቱ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ውሃው በፍሳሽ መበከል መቻሉ ደግሞ ተጋላጭነቱን። መሬቱ የተመረጠው ግን በዋነኛነት ሜዳ በመሆኑና ለገበሬው የሚከፈለው ካሣ አነስተኛ በመሆኑ ነው።

ቆሼ ይህን ታሪክ በአንድ ስፍራ ይጠቀልለዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የቆሻሻ መጣያ እንዲሆን ሲመረጥ ከከተማው ውጭ የነበረ መሬት ነው፤ ከተማው አድጎ ከበበው፣ ቆሻሻውም ሌላ ተዳፋት ሠርቶ በሥሩ ቤቶች ተጠጉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀበረ። የተናደው ተራራ እግዜር የሠራው ሳይሆን ከተማዪቱ ራሷ በሃምሳ ዓመት የከመረችው በመሆኑ በየትኛውም የተፈጥሮ ካርታ ላይ አልተመዘገበም ነበር፤ ስለዚህ ስሱነትን የሚመዝን ሰው ምድሪቱ ስትፈጠር ያገኘችውን ብቻ ሳይሆን ሰው የጨመረባትንም ማየት አለበት።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዞቹን ዳር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ለማልማት የተጀመረው ሥራና በእንጦጦ ላይ የተከፈተው መናፈሻ የገደሉንና የተራራውን ዋጋ ወደ ከተማው ዐይን መልሰዋል፤ ከገደሉ አፋፍ የተነሡት ሰዎች ወዴት እንደ ሄዱ መጠየቅ ግን ከዚያው ሚዛን አይወጣም። ዛሬ ዋናው መስፋፋት የሚካሄደው በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ሰበታን፣ ገላንንና ለገጣፎን ጨምሮ በተዋቀረው በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የሚይዙት የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች፣ ወደ እነርሱም የሚፈሰው ተዳፋት የሚገኙት በዚያው በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ የመዲናዋ ፕላን ግን የሚያበቃው ከግድቦቹ በፊት ካለው ድንበር ላይ ነው።