በ90 ደቂቃ የማስታወቅ ሕግ

በጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ በኒው ዮርክ የነበረ አንድ የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ጥቂት ታውኮ፣ ራሱን ለማረም ለጥቂት ሴኮንዶች ሥራውን አቁሞ ተመለሰ። ይህ ከቶ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ከአንድ ወር በፊት በኩባንያው 114 ጣቢያዎች ሁሉ በተጫነው አዲስ ሶፍትዌር ውስጥ አንዲት ትእዛዝ ያለ ስፍራዋ ገብታ ስለ ነበር፣ ጎረቤት ጣቢያዎች የዚያን መመለስ በሚመዘግቡበት ቅጽበት፣ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ መልእክት ሲደርሳቸው፣ እነርሱም በተራቸው እየታወኩ ሥራቸውን አቆሙ፤ ሲመለሱም ያንኑ ደዌ ለሌሎች አስተላለፉ። ለብልሽት መድኅን ይሆን ዘንድ የተሠራው ሥርዓት የብልሽቱ መተላለፊያ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ያህልም በኩባንያው መስመር ከተሞከሩት የሩቅ ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ ሳይደርሱ ቀሩ። ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ ለደንበኞቹ የአንድ ቀን የዋጋ ቅናሽ አደረገ።

በሚከተለው ዓመት በጁን ወር በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚሊዮኖች ስልክ ተቋረጠ። ምክንያቱ ዲኤስሲ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ከብዙ ሚሊዮን የሶፍትዌር መስመሮች መካከል የለወጣቸው ጥቂት መስመሮች ነበሩ። የኩባንያው ሹም በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ለውጡ አነስተኛ በመሆኑ ሙሉው ፈተና እንዳልተደረገበት መሰከሩ። ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ምስክርነት ነው፤ የለውጥ ማነስ ከፈተና ነጻ እንደሚያወጣ መቈጠሩ የአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን የሙያው ልማድ ነበረና።

ስለዚህም በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን፣ 50,000 ደንበኞች ለ30 ደቂቃ አገልግሎት የተቋረጠባቸው እንደ ሆነ፣ የስልክ ኩባንያው በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲያስታውቅ፣ በ30 ቀንም ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ደነገገ። መዝገቡም ለማንም አንባቢ ክፍት ስለ ነበር፣ የአንዱ ሕጸጽ ለሌላው ትምህርት ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ግን ለአገር ጸጥታ ሲባል ለሕዝብ ተዘጋ፤ በእኔ አስተያየት ታላቅ ጉዳት ነው።

በጁላይ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ በአንድ ጊዜ የላከው ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጥሎ፣ የአየር መንገዶችንና የሆስፒታሎችን ሥራ ባወከ ጊዜ፣ ይህ ሕግ አልደረሰበትም፤ የስልክ ኩባንያ አልነበረምና። ከኩባንያው ሹሞች አንዱ በሴፕቴምበር በእንደራሴዎቹ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። የብልሽቱን ሐተታ ግን ኩባንያው ያሳተመው በራሱ ፈቃድ ነው፤ በስልክ ኩባንያዎች ላይ የተጣለው የማስታወቅ ግዴታ እርሱን አይመለከተውም ነበር።