መሪው በቀኝ የሆነው ፒካፕ

የምሠራበት ቤት ኾርመክሰር ነው። ከግቢው ጥግ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ሸራ የለበሰ አሮጌ ላንድሮቨር ፒካፕ ቆሞ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እርጥብ ልብስ ሳንጠባጥብበት ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ መኪና ነው ብዬ አላሰብኩም። ባለፈው ዓመት ከረመዳን በኋላ የማዳም አባት፣ ሁላችንም አሚ የምንላቸው ሽማግሌ፣ "ሳልሞት አስነሳዋለሁ" ብለው ጀመሩት። ለኔም በሥራዬ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ፤ የእጅ ባትሪ ማብራት፣ ቡሎን መልቀም፣ ቅባት የነካውን ጨርቅ ለብቻ ማጠብ። ደሞዝ ግን አልተጨመረም፣ እሱን ተዉት። መኪናው ሲፈታ አብሮት የሚፈታ ታሪክ ስላለ ነው ልጽፍላችሁ የተነሳሁት። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው መሪው ነው። በቀኝ በኩል ነው ያለው። እዚህ ደግሞ እንደኛው አገር መንገዱን በቀኝ ይዞ ነው የሚነዳው፣ የመኪናውም መሪ በግራ ነው። አሚን ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "የእንግሊዝ ነዋ!" አሉኝ እንደ ሞኝ አይተው። እንግሊዞች ኤደንን በ1839 ይዘው እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 1967 ገዝተዋታል፤ መንገዱንም እንደ አገራቸው በግራ አስነድተዋል። በ1954 ቡረይቃ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ሲከፈት የአሚ አባት እዚያ ሾፌር ሆኑ። መኪናውን የገዙት በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ጓዙን ከሚሸክፍ እንግሊዛዊ ነው፤ በርካሽ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘግቶ እስከ 1975 አልተከፈተም። መርከቡ ቀረ፣ በወደቡ የሚኖረው ሕዝብ እጁ አጠረ። ማን መኪና ይገዛል?

እንግሊዝ ከሄደም በኋላ መንገዱ አሥር ዓመት ያህል በግራ ቀጠለ። ደቡብ የመን ወደ ቀኝ የዞረችው በ1977 ነው። እኛ በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1964፣ ቀድመናቸዋል። 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን የገባበት ዓመት መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ደርግን ከረዱት አገሮች አንዷ ይቺው ደቡብ የመን እንደነበረች ግን ማንም አልነገረኝም። በባሕሩ ወዲህና ወዲያ ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ባዮች ነበሩ። የሶቪየቱን ዋዝ መኪና አሚም እንደኛ አገር ሰው ያውቁታል። ላንድሮቨሩ ግን መለዋወጫ የሚያመጣለት አጥቶ ቆመ።

ላንድሮቨር መሸጥ የጀመረው በ1948 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር ፋብሪካው ቦዲውን በአሉሚኒየም ሠራው። ከእጥረት የመጣው ነገር ለኤደን በጀ፤ የባሕሩ ጨው የጎረቤታችንን መኪና በር እንደ ብስኩት ሲበላ የዚህን አልነካም። ከሥር ያለው ቻንሲ ግን ብረት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ጨውና እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ በቢላዋ ስፍቀው የተፈጨ ገብስ ይመስል ነበር። ቻንሲው ከኋላ በጣት ይበሳ ነበር። እሱን ለመበየድ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሥራው ከብዶ ሳይሆን መብራት ጠፍቶ ነው። መብራት ሲመጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ይነሳሉ። እኔም ሻይ ለማፍላት እነሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳቀኝ። አሚ "ብሬክ"፣ "ታየር"፣ "ስቲሪንግ" ይላሉ። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ደጃፍ ሻይ ስሸጥ የሰማሁት ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ ነው፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን አገራችንን ይዞ የቆየው ከ1936 እስከ 1941 ነው፤ ከጋራዡ ግን እስካሁን አልወጣም።

የአሚ የልጅ ልጅ "ማደስ ብቻ ምን ያደርጋል፣ እናሻሽለው እንጂ" ባይ ነው። መጀመሪያ ዲናሞውን አወጣ። የድሮ ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ሲል ባትሪውን በደንብ አይሞላም፣ የፊት መብራቱም ይደክማል። በአልተርኔተር ለመቀየር ግን ጣጣ አለው። በዚህ መኪና ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ በአሁኖቹ ኔጌቲቩ ነው። ሳይገለብጡ ቢያስሩት አልተርኔተሩ ይቃጠላል። ገለበጡት። ቀጥሎ የቶዮታ ሞተር ይግባለት አለ። የመን ውስጥ ፒካፕ ማለት ቶዮታ ነው፤ "ሻስ" ይሉታል፣ መለዋወጫውም እንደ ሽንኩርት በየሱቁ አለ። አሚ ሁለት ቀን አኩርፈው እሺ አሉ። እኔም ብሆን እሺ እል ነበር፤ ዕቃ የማይገኝለት ሞተር ምን ይሠራል?

መሪው ላይ ግን ወይ ፍንክች! ፋብሪካው ለዓለም ሁሉ ስለሚሸጥ መሪና ፔዳሉ በሁለቱም በኩል እንዲገጠም አድርጎ ነው የሠራው፤ በግራ ያለው ቀዳዳ በላሜራ ተከድኖ በቡሎን ታስሯል። ስለዚህ ልጁ "ብረት አንቆርጥም፣ ከዚህ ፈትተን እዚያ ማሰር ነው" አለ። እውነቱን ነው። በቀኝ ተቀምጦ ሌላ መኪና የሚቀድም ሰው ከፊት የሚመጣው አይታየውም። አሚ "አባቴ የተቀመጡበት ቦታ ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት።

በመጨረሻ ለኋላው አዲስ ሸራ እንድሰፋ ጠየቁኝ። ሸራውን ስዘረጋው ሽታው መታኝ። እህቶች፣ ብዙዎቻችን ያንን ሽታ እናውቀዋለን። ከኦቦክ በጀልባ ተሻግረን ራስ አል ዓራ ስንወርድ የጠበቀን ፒካፕ ነው። አንዷ እግሬ ላይ ተቀምጣለች፣ ከላያችን ሸራ፣ ከሸራው ላይ ገመድ። አፌን ከጎኑ ካለች ቀዳዳ ላይ አድርጌ በተራ እንተነፍስ ነበር። የመን የገባሁት የመንን ሳላይ ነው።

በሁለቱም ጎን መስኮት ቆረጥኩለት። ነጭ ፕላስቲክ ሰፋሁበት፣ ከታች ተፈትቶ እንዲጠቀለል ማሰሪያ አበጀሁለት። አሚ አይተው "ማን አዘዘሽ?" አሉኝ። "መስኮት የሌለው ሸራ አልሰፋም" አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የፈራሁት። ፕላስቲኩን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው "ዝናብ አያስገባም?" አሉ። "ኤደን ዝናብ የት አለና?" ስላቸው ሳቁ። የስፌቱን ለብቻ ከፈሉኝ።

በመጀመሪያው ዓርብ ወደ ባሕር ወጣን። አሚ በቀኝ ይነዳሉ፣ የልጅ ልጃቸው በግራ ተቀምጦ "ይለፉ፣ ቆይ ይቁሙ" እያለ ይጮኻል። እኔ ከልጆቹና ከሩዙ ድስት ጋር ከኋላ ነኝ። መዓላ ስንደርስ መስኮቱን ጠቀለልኩት። እንግሊዞች ያሠሯቸው ፎቆች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። አንዱ በረንዳ ላይ የኛ አገር ልጅ ምንጣፍ ታራግፋለች። እጄን አውጥቼ አውለበለብኩላት፤ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ እሷም አውለበለበችልኝ።