ስሙ የጠፋበት ልጅ በጠባሳው ተገኘ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ስለ መቅደላ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ልጅ አለ፤ ልዑል ዓለማየሁ። «ከመቅደላ የተወሰደ ሌላ ልጅስ ታውቃላችሁ?» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ልጅ ነው። ታሪኩ የእኛንም ሰፈር የሚነካ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ያዘ፣ ዘረፈ፣ አቃጠለ። ዓለማየሁ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፣ ልጁን ግን እንግሊዝ ወሰዱት። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፣ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አገሩ አፅሙን ብትጠይቅም አልተሰጣትም። በአውሮፓውያኑ 2023 ቤተ መንግሥቱ «ሌሎች አፅሞችን ሳንነካ ማውጣት አንችልም» የሚል መልስ ሰጠ። በዚያው ዓመት የተመለሰልን ጥቂት ፀጉሩ ነው።

ሁለተኛው ልጅ የንጉሥ ልጅ አልነበረም። አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘና ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። መኮንኑ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ከሁለቱ ሰዎች ስም ተቀንሶ ለልጁ ስም ወጣለት፤ ቻርለስ ማርቲን።

እስቲ አስቡት። አማርኛው ጠፋ። የአባቱ ስም ጠፋ። እናቱ ምን ብላ እንደምትጠራው እንኳ አያውቅም። የቀረው ሐበሻ መሆኑና ከመቅደላ መወሰዱ ብቻ ነው።

ልጁ ግን ጎበዝ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ጨመረና በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በርማ ውስጥ ሐኪም ሆነ። ደመወዝ አለው፣ ማዕረግ አለው። እዚያው ኖሮ እዚያው ቢሞት ማንም አይፈርድበትም ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። በርማ ያለው ሐኪምም ሰማ። የዚያች አገር ልጅ መሆኑን ያውቃል፣ ከዚያ ያለፈ ግን የሚያውቀው የለም። ለመምጣት ቆረጠ። በአውሮፓውያኑ 1899 አዲስ አበባ ገባና ድንኳን ተክሎ በአስተርጓሚ እየተናገረ ሕመምተኛ ማከም ጀመረ።

አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው። «ከመቅደላ የተወሰደ ሐበሻ ሐኪም መጥቷል» የሚለው ወሬ ከሰው ሰው አለፈ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የልጅ ልጃቸው ከልባቸው ያልወጣ አንዲት አሮጊትም ጆሮ ደረሰ። አያቱ ናቸው። መጡ። ሰውየው ቋንቋቸውን አይሰማም፣ የለበሰው የፈረንጅ ልብስ ነው፣ ስሙም የፈረንጅ ነው። እሳቸው ስሙን አልጠየቁም፤ ሰውነቱ ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ ነው የፈለጉት። አገኙትም። «የኛ ልጅ ነህ፤ ስምህም ወርቅነህ ነው» አሉት።

ቻርለስ ማርቲን በዚህ ሁኔታ ወርቅነህ እሸቴ ሆነ። እኛ ሐኪም ወርቅነህ የምንላቸው፣ በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ማለት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከአንድም ሁለቴ ወደ በርማ ተመላልሰው በመጨረሻ ጠቅልለው ገቡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፣ ጨርጨርን ገዙ፣ ጣልያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ። እንግሊዝ ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ጣልያን ገደላቸው። እሳቸው ነፃነትን አይተው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ አረፉ።

ሁለቱን ልጆች አስተያዩልኝ። አንዱን ዓለም ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ጋዜጣ ጽፎለታል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ መቃብሩ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ግን አልተመለሰም። ሌላው ስሙ እንኳ ከራሱ ጠፍቶ ነበር፤ እሱ ግን አገሩ ገባ። ልዩነቱ በከፊል ዕድል ነው። በከፊል ግን አገር ቤት የቀሩት ሰዎች አለመርሳታቸው ነው።

ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ስላለው ዘሩን ያገኛል፣ እኛ የአባት ስም ብቻ ስለምንይዝ አንገኝም» ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ለምሳሌ ኖርዌይን እንይ። ኖርዌጂያኖች እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። የላርስ ልጅ ወንድ ከሆነ ላርሰን፣ ሴት ከሆነች ላርስዳተር ትባላለች፤ የቀጣዩ ትውልድ ስም ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ የተደነገገው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። በ1825 እ.ኤ.አ. አንዲት ትንሽ መርከብ ሃምሳ ያህል ሰው ይዛ ከስታቫንገር ወደ ኒውዮርክ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዓመት ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ኖርዌጂያን አሜሪካ ገባ። እዚያም ስማቸውን ለእንግሊዝኛ እንዲመች የቀየሩ ብዙ ናቸው። ዛሬ ግን አሜሪካ ያለ አምስተኛ ትውልድ ቅድመ አያቱ የተነሡበትን እርሻ በስሙ ያገኛል። ለምን? የአጥቢያው ቄስ ልደቱን፣ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውን፣ ሞቱን መዝገብ ላይ ስለጻፈ፤ ከአጥቢያው ለቆ የሄደውንም ስለመዘገበ። ከወደብ ሲነሣ ደግሞ ፖሊስ ይመዘግበው ነበር። ቁም ነገሩ የቤተሰብ ስም መኖሩ ላይ አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ላይ ነው።

የኛ መዝገብ አያቶቻችን ናቸው። ቃሉን የያዘው ሰው ሲያልፍ ግን መዝገቡም አብሮት ይቀበራል።

ይሄ ጉዳይ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው ሩቅ አይደለም። ሰፈራችን በባቡሩ፣ በፋብሪካውና በጉምሩኩ ምክንያት ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላበት ነው። አያቱ ከወሎ ወይ ከጉራጌ ወይ ከሰላሌ መጥቶ ፋብሪካ የገባ፣ ልጁ ግን የመጣበትን ቀበሌ ስም የማያውቅ ስንት አለ? አሁን ደግሞ በተራችን እኛ ላኪዎች ሆነናል። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሰው የሌለው ግቢ ፈልጉ እስቲ።

አንዴ ለተማሪዎቼ የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ጽፈው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንዷ ተማሪ ከአንድ ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጋ መጣች። አክስቷ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት ቤይሩት ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል። ቤተሰቡ ሲፈልግ የኖረው በቤት ስሟ ነው። ፓስፖርቷ ላይ ደላላው ያስጻፈው ስም ሌላ ነው፣ ዕድሜውም ሌላ፤ ያንን ስም ደግሞ ቤት ውስጥ የጻፈው የለም። እዚያ ያሉ ሰዎች «እንደዚህ የምትባል አናውቅም» ቢሉ ምን ይገርማል? አያቷን ስትጠይቃቸው ግን «ግራ ክንዷ ላይ የምጣድ ጠባሳ አለ፤ በሰባት ዓመቷ ነው የተቃጠለችው» አሏት። ልጅቷ ይሄንን ጻፈችው። አክስቷ እስከዛሬ አልተገኘችም፤ ግን አሁን የሚፈልጋት ሰው ምን ይዞ እንደሚፈልግ ያውቃል።

ስለዚህ የዛሬው የቤት ሥራ ለእናንተም ነው። ደብተር አውጡና የሚከተለውን ጻፉ፦

1. የሄደውን ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም ካለው እሱን፣ የትምህርት ቤት ስም እና ፓስፖርት ላይ ያለውን ስም፣ ሁሉንም።
2. የአባትና የእናት ስም እስከ ቅድመ አያት። የእናትን ወገን አትዝለሉ፤ ወርቅነህን ያወቁት አያት ናቸው።
3. የተወለደበት መንደር፣ አጥቢያ ወይም መስጊድ።
4. የሄደበት ዓመት፤ በእኛም በአውሮፓም አቆጣጠር፤ አለበለዚያ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል።
5. የሰውነት ምልክት። ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው፣ ንቅሳት።

አንድ ከሰዓት ይበቃል። አያታችሁ፣ እናታችሁ ወይ የሰፈር አዛውንት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀመጡ። ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው፤ ደስ ይላቸዋል እኮ! ስልካችሁ ላይ ብትቀዱትም፣ ብትጽፉትም እናንተ ታውቃላችሁ።

ከቤተሰባችሁ የሄደና ወሬው የጠፋ ሰው ካለ የመንደሩን ስም ብቻ ከታች ጻፉልኝ፤ ምናልባት የሚያውቅ ያነበው ይሆናል። ሙሉ ስሙን ግን አደባባይ ላይ አታውጡት፤ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። መልካም ሰንበት።